ቤቱን ራሱ የሚክብ ዓሣ፦ ጃውፊሽን ቤት ውስጥ ለማኖር ዝርዝር መመሪያ

ማታ የአኳሪየሙ መብራት መደብዘዝ ሲጀምር ከፊቱ ቁጭ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከአሸዋው ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ የዋለው ዓሣ ዙሪያውን ይቃኛል። ከጉድጓዱ አፍ ጎን ከደረደራቸው ዛጎሎች አንዷን፣ ሁልጊዜ ያችኑ ጠፍጣፋዋን፣ በአፉ ያነሳል። ከዚያ በጅራቱ ወደ ኋላ ይገባና ዛጎሏን በላዩ ላይ ይስባታል። በሩ ተዘጋ። ጠዋት መብራት ሲበራ ዛጎሏ ትንሽ ትነቃነቃለች፤ ወደ ጎን ትገፋለች፤ መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ብቅ ይላሉ።

ይህ ዓሣ የሎውሄድ ጃውፊሽ ይባላል፤ ባለ ቢጫ ራስ መንጋጋ ዓሣ እንደማለት ነው። ራሱ ቢጫ፣ ገላው ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ቢያድግ ቢያድግ ከ10 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። አገሩ ከደቡብ ፍሎሪዳና ከባሃማስ ጀምሮ የካሪቢያን ባሕር ነው። የሚኖረው ኮራል በሚባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ ላይ ሳይሆን ከኮራሉ ዳር ባለው አሸዋና ስብርባሪ ውስጥ ነው። እዚያ እንደ ሰፈር ተሰባስበው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከበሩ በላይ ተንሳፍፎ የውሃው ፍሰት የሚያመጣለትን ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ይለቅማል። ለሳይንስ የተመዘገበው በ1905 ነው፤ ኦፒስቶግናቱስ ኦሪፍሮንስ ይሉታል።

ይህን የምጽፈው የጨው ውሃ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ በቅርብ ለምታገኙና ይህን ዓሣ አይታችሁ ልባችሁ ለሸፈተ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰዎች ጃውፊሻቸውን ሲያጡ ያየሁት ባብዛኛው በሁለት ነገር ነው፦ ጉድጓድ በማይይዝ አሸዋና በደንብ ባልተዘጋ ክዳን። ሁለቱም ዓሣው ከመገዛቱ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ዓሣው ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

1. አኳሪየሙ

ለአንድ ወይም ለጥንድ ጃውፊሽ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ቁመት ያለው አኳሪየም ይበቃል። 120 ሊትር ገደማ ይይዛል። ረጅምና ጠባብ የሆነው አያጓጓችሁ። ለዚህ ዓሣ ቁም ነገሩ የወለሉ ስፋት ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ማኖር ከፈለጋችሁ ርዝመቱን ወደ 90 ወይም 120 አሳድጉት።

ክብደቱን ቀድማችሁ አስቡ። በዚህ ልክ አኳሪየም ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ብቻውን ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። ውሃው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመር ወደ 180 ኪሎ ይጠጋል። ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይህን አይችልም። ለአኳሪየም የተሠራ ማስቀመጫ ግዙ፤ በውሃ ልክም ለኩት። ዘንበል ካለ ውሃ ሳትሞሉ አስተካክሉ። ከሞላ በኋላ ንክች አይልም።

2. ድንጋዩ ከአሸዋው ይቀድማል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሸዋውን አንጥፎ ድንጋዩን ከላይ ይደረድራል፤ ያምራል። ጃውፊሹ ግን የሚቆፍረው ከድንጋይ ሥር ነው። አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ሲያወጣ ድንጋዩ መሠረት ያጣል። አንድ ቀን ይንሸራተትና ወይ ዓሣውን ይጫነዋል፣ ወይ መስታወቱን ይመታል።

ስለዚህ ድንጋዩን ባዶው የአኳሪየም ወለል ላይ አስቀምጡ። በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ፈትኑት። የሚወዛወዝ ከሆነ በውሃ ውስጥ በሚይዝ የአኳሪየም ማጣበቂያ አያይዙት። አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫፉ ወደ ፊት እንዲወጣ አድርጉት፤ አሸዋው ሲሞላ ያ ጫፍ እንደ ጣሪያ ይሆናል። ዓሣው ጉድጓዱን ከዚያ ሥር መጀመር ይወዳል። ከፊት ለፊት ካደረጋችሁት ደግሞ እናንተም ታዩታላችሁ።

3. አሸዋው

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንነጋገር።

አገር ቤት የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ጭቃ ብቻውን ግድግዳ እንደማይሆን ያውቃል። ጭድ ይገባበታል፤ ይቦካል፤ ያን ጊዜ ይይዛል። የጃውፊሽ አሸዋም እንደዚያው ነው። ሱቅ የሚሸጠው ነጭና እንደ ስኳር የደቀቀ አሸዋ ለዓይን ደስ ይላል፤ ብቻውን ግን ጉድጓድ አይሆንም። ዓሣው ይቆፍራል፣ ይናዳል። ይቆፍራል፣ ይናዳል። ቀን ሙሉ ሲለፋ ውሎ መግቢያ ሳይኖረው ይመሻል። መግቢያ ያጣ ጃውፊሽ ደግሞ ይደነግጣል፤ ይዘላል።

የሚያስፈልገው ቅይጥ ነው። እኔ በጣሳ እሰፍራለሁ፦ 5 ጣሳ ደቃቅ አሸዋ፣ 2 ጣሳ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሻካራ ጠጠር፣ 2 ጣሳ ከግማሽ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮራልና የዛጎል ስብርባሪ። ስብርባሪው ማስጌጫ እንዳይመስላችሁ። ዓሣው አንድ በአንድ በአፉ እያነሳ የጉድጓዱን አፍ የሚክበው በእሱ ነው። ካብ ሲካብ ያያችሁ ትክክለኛውን ነገር ታያላችሁ፦ ድንጋዩን ያመጣል፣ ይሞክረዋል፣ ካልገጠመ ይተፋውና ሌላ ይፈልጋል። አንዴ የእኔው አንዲት የዛጎል ቁራጭ አራት ጊዜ አዟዙሮ ሲያስቀምጥ ቆጥሬያለሁ። አራተኛው ላይ ገጠመች።

ቅይጡን ከማስገባታችሁ በፊት ፈትኑት። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። እርጥብ አሸዋ አየር ላይ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ልጆች በባሕር ዳርቻ የአሸዋ ቤት መሥራት የሚችሉት ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ያ መያያዝ ይጠፋል። ስለዚህ ፈተናው ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቅይጡን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉ፤ ውሃ ከላይ እስኪተርፍ ጨምሩ። ጣታችሁን ሰያፍ አድርጋችሁ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡና ቀስ ብላችሁ አውጡ። ደቃቅ አሸዋ ብቻ ከሆነ ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል። ቅይጡ ደህና ከሆነ ጠርዙ ትንሽ ተንዶ ቀዳዳው ሳይደፈን ይቆያል። ከተደፈነ ስብርባሪ ጨምሩ።

ጥልቀቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ካነሰ ጉድጓዱ መጠለያ አይሆንም። ክብደቱ ወይም ወጪው ካስቸገራችሁ ሁሉንም ቦታ ማጥለቅ የለባችሁም። ግማሹን፣ ድንጋዩ ያለበትን ጥግ፣ 15 አድርጋችሁ ሌላውን 5 ላይ ተዉት። መሐሉን በድንጋይ ደግፉት፤ አለበለዚያ በጊዜ ብዛት ይንሸራተትና እኩል ይሆናል።

አሸዋው ለባሕር አኳሪየም የሚሸጠው ከኮራልና ከዛጎል የተገኘው ዓይነት ይሁን። ውሃ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ እጠቡት፤ አሰልቺ ነው፣ ግን እጠቡት። ከገባ በኋላ ደግሞ እስከ ታች አትበጥብጡት። ጥልቅ አሸዋ ከሥሩ አየር የማይደርስበት ቦታ ይኖረዋል። ከወራት በኋላ በድንገት ከገለበጣችሁት መጥፎ ጋዝ ይወጣል፤ ዓሣ ሊገድልም ይችላል። ቆሻሻ የምትመጡት ከላይ ከላዩ ብቻ ነው።

4. ውሃው

የቧንቧ ውሃ ቀጥታ አትጠቀሙ። አር.ኦ. በሚባለው ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ግዙ ወይም ቤት አጣሩ። ለ10 ሊትር ውሃ ከ350 እስከ 380 ግራም ለባሕር አኳሪየም የሚሸጥ ጨው ይገባል። የገበታ ጨው አይሆንም። በባልዲ ውስጥ በፓምፕ እያንቀሳቀሳችሁ አሟሙት፤ ከዚያ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨዋማነት መለኪያ ለኩ። 1.025 ላይ መሆን አለበት። ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ያዙት።

አሁን ትዕግሥት። አዲስ አኳሪየም የዓሣን ቆሻሻ የሚበላ ባክቴሪያ የለውም። እሱ እስኪራባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ለባክቴሪያው ምግብ እንዲሆን ትንሽ አሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ወይም ቁራጭ ሽሪምፕ ይጨመራል፤ በየጥቂት ቀኑ ይለካል። አሞኒያ ይወጣና ይወርዳል። ቀጥሎ ባክቴሪያው አሞኒያውን የሚለውጥበት ናይትራይት ይወጣና ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲረጉ፣ የመጨረሻው ውጤት የሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ፣ ከውሃው ጥቂቱን ቀይሩ። ያን ጊዜ ቤቱ ዝግጁ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ኩልል ብሎ ሲታይ ሱቅ መሄድ ያምራል። አትሂዱ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የማይለቀም ነፍስ ነው።

5. ክዳኑ

የመጀመሪያዬን ጃውፊሽ ያጣሁት በሦስተኛው ሌሊት ነው። ክዳን ነበረኝ፤ ጥሩ የመስታወት ክዳን። ከኋላ በኩል ግን የማሞቂያው ሽቦ የሚገባበት፣ ከሁለት ጣት የማትሰፋ ክፍተት ነበረች። በዚያች ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ጠዋት ቤቱን ስጠርግ ከማስቀመጫው ጀርባ ደርቆ አገኘሁት። እስካሁን ያ ጠዋት ከዓይኔ አልጠፋም። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ጃውፊሽ ሲደነግጥ ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል። ጉድጓድ ከሌለው ወደ ላይ ይወረወራል። ቀጭን ስለሆነ ራሱ በሚያልፍበት ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ አየር የሚያስገባ መረብ ያለው ክዳን ሥሩ ወይም ግዙ፤ የመረቡ ዓይን ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና ከውስጥ በስልክ መብራት እያበራችሁ ጠርዙን ዙሩ። ብርሃን ሰፋ ብሎ በሚወጣበት ሁሉ ዓሣ ይወጣል። የሽቦና የቱቦ መግቢያዎችን በስፖንጅ ቁራጭ ወይም በመረቡ ትራፊ ድፈኑ። የፓምፕ መምጠጫና የማጣሪያው መውረጃ አፍም በመረብ ይሸፈን። ምግብ ለመስጠት ክዳን ስትከፍቱም ከፊት ትንሹን በር ብቻ ክፈቱ።

6. ሱቅ ውስጥ

ሱቅ ውስጥ ጃውፊሽ ብዙ ጊዜ አሸዋ የሌለው ባዶ መስታወት ውስጥ ይገኛል፤ ጥግ ላይ ተጣጥፎ። ያ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። የሚታየው ሌላ ነው። አተነፋፈሱ ፈጣን ነው? ሆዱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል? አፉና መንጋጋው ተልጧል ወይም ቆስሏል? አፉ መቆፈሪያው ስለሆነ የአፍ ቁስል ለዚህ ዓሣ ከሌላው ይብሳል። ገላው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወይም የተላጠ የሚመስል ቆዳ ካለ ተዉት። ከሁሉም በላይ፣ ሲበላ አሳዩኝ በሉ። ካልበላ ነገ ተመለሱ። ጥሩ ሻጭ በዚህ አይቆጣም።

ከጎኑ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ሌላ ጃውፊሽ ልታዩ ትችላላችሁ። በጣም ያምራል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ አትጀምሩ። ቡናማ፣ ትልቅ አፍ ያላቸው ዝርያዎችም አሉ፤ እነዚያ ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ይውጣሉ።

ለይቶ ማቆያ፣ ማለትም አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበት አኳሪየም፣ ያላችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት አቆዩት። እዚያም መጠለያ ይፈልጋል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ቁራጮች አስቀምጡለት። የመዳብ መድኃኒት የምትሰጡ ከሆነ ከኮራል የተገኘ አሸዋ እዚያ አታስገቡ፤ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ለይቶ ማቆያውም ክዳን ይኑረው።

7. የመጀመሪያው ቀን

ዓሣውን ጠዋት አስገቡ። ብዙ ሰው ማታ ከሥራ ሲመለስ ገዝቶ ያስገባና መብራት አጥፍቶ ይተኛል። እኔ ይህን አልስማማበትም። ጃውፊሽ ከመጨለሙ በፊት የሚቆፍርበት ሰዓት ያስፈልገዋል።

ከአንድ ቀን በፊት ጀምሩለት። ወደ ፊት በወጣው ድንጋይ ሥር በጣታችሁ ሰያፍ ቀዳዳ አብጁ፤ ከተቻለ አጭር የፒቪሲ ቱቦ አፉ ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅበሩ። ከአጠገቡ እፍኝ ስብርባሪ ከምሩ። ዓሣው መጠለያውን ሊወደው ወይም ትቶት ሌላ ቦታ ሊቆፍር ይችላል። ለመጀመሪያው ሌሊት ግን መግቢያ ይኖረዋል።

በዕለቱ መብራቱን ቀንሱ። ዓሣው የመጣበትን ላስቲክ ሳትከፍቱ የአኳሪየሙ ውሃ ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት። ከዚያ ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጣችሁ የአኳሪየሙን ውሃ በየ5 ደቂቃው በስኒ እየጨመራችሁ 30 ደቂቃ ያህል አለማምዱት። በመጨረሻ በስኒ ወይም በትንሽ ዕቃ አንሱትና ቀዳዳው አጠገብ ልቀቁት። መረብ አፉን ይልጠዋል። የሱቁን ውሃ ወደ አኳሪየሙ አትጨምሩ።

ከዚያ ራቁ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች በክፍሉ ውስጥ ደብዛዛ መብራት ተዉለት፤ ድቅድቅ ጨለማ ያስደነግጠዋል። ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ላታዩት ትችላላችሁ። እጃችሁን ከትታችሁ አትፈልጉት፤ ድንጋይም አታንሱ። ጠዋት አሸዋው ላይ አዲስ ክምር ካያችሁ ሥራ ላይ ነው።

8. ምግብ

የባሕር ልማዱ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መልቀም ነው። ስለዚህ በቀን አንዴ ብዙ ከመስጠት 2 ወይም 3 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ማይሲስ የሚባለው በረዶ የተደረገ ትንሽ ሽሪምፕ ዋናው ይሁን። ብራይን ሽሪምፕና ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳትን አፈራርቁበት። በረዶውን በስኒ ውሃ አሟሙትና በረጅም የፕላስቲክ መምጠጫ ከጉድጓዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። እየሰመጠ ሲያልፍ ወጣ ብሎ ይቀልበዋል። ከጉድጓዱ ርቆ ሄዶ ምግብ አይፈልግም። ሌሎቹ ዓሦች ከላይ ጠርገው ከበሉ እሱ ጾሙን ያድራል፤ እናንተም የበላ ይመስላችኋል። ፓምፑን ለ10 ደቂቃ ማጥፋት ይረዳል።

9. ጎረቤት

ብቻውን ወይም ከመሰሎቹ ጋር ይኑር፤ ጎረቤት ካስፈለገም የተረጋጋ ዓሣ ይሁን። ፋየርፊሽ፣ ካርዲናል ዓሣና ክሎውንፊሽ ይስማሙታል። ትሪገርፊሽ፣ ሆክፊሽ፣ ዶቲባክና ተደባዳቢ ዳምሰል አይሆኑም። አሸዋ የሚያበጥሩ ጎቢዎችና የባሕር ኮከቦችም ካቡን ያፈርሱበታል። ኮራል ካላችሁ አሸዋው ላይ አታስቀምጡ፤ የተቆፈረው አሸዋ ይቀብረዋል። ብዙ ጃውፊሽ ከፈለጋችሁ በአንድ ቀን አንድ ላይ አስገቧቸው። ቀድሞ የገባ ሰፈሩን አላስደፍርም ይላል።

10. አባትየው አፉ ሲሞላ

ጥንድ ከተስማማላችሁ አንድ ቀን የአንደኛው አፍ አልዘጋ ሲል ታያላችሁ። በሽታ አይደለም። ሴቷ የጣለችውን እንቁላል ወንዱ በአፉ ይዞታል። እንደ ኳስ የተሰበሰበ ነው። በየተወሰነ ጊዜ ከአፉ ትንሽ ያወጣውና ፈጥኖ መልሶ ይስበዋል፤ እንዲህ እያገላበጠ አየር ይሰጠዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የሚተፋው መስሎኝ ነበር።

እንቁላሉ ከ7 እስከ 9 ቀን ይቆያል። ወደ መጨረሻው የጫጩቶቹ ዓይኖች ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። በእነዚህ ቀናት ውሃ አትቀይሩ፣ ድንጋይ አትንኩ፣ መስታወቱን አታንኳኩ። ከደነገጠ ሊውጣቸው ይችላል። ምግብ እንደወትሮው ስጡት፤ አንዳንዴ እንቁላሉን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጦ ወጥቶ ጥቂት ይቀምሳል። ጫጩቶቹ ደቃቅ ናቸው፤ ለብቻ ዕቃና ሮቲፈር የሚባል ሕያው ምግብ ካላዘጋጃችሁ ማጣሪያው ይወስዳቸዋል።

አንድ ጠዋት አፉ ባዶ ሆኖ፣ እንደ ድሮው ከበሩ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ያን ቀን ማይሲሱን ጨመር አድርጉለት፤ ሳምንት ሙሉ በቅጡ አልበላም።